ግሶቹን ቆጥረው ይፈርሙ

ታላቅ እህቴ ከምትሠራበት አረብ አገር የላከችልኝ ውክልና አንድ ገጽ ነበር። ከእኔ የፈለገችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ኮንዶሚኒየሟን እንዳከራይላትና የቤት ግብሯን እንድከፍልላት። ወረቀቱን ሳነበው ግን ቤቷን እንድሸጥ፣ እንድለውጥ፣ በስጦታ እንዳስተላልፍ፣ በዋስትና እንዳስይዝ፣ ከማንኛውም ባንክ በስሟ እንድበደር፣ ሒሳቧን እንዳንቀሳቅስና እንድዘጋ፣ አክሲዮን እንድገዛና እንድሸጥ፣ በመጨረሻም ይህን ሁሉ ለሌላ ለፈለግሁት ሰው እንዳስተላልፍ ተፈቅዶልኛል። እርሳስ አንስቼ ግሶቹን ቆጠርኳቸው፤ 27 ናቸው። ደወልኩላት።

«እትዬ፣ ይሄን ወረቀት ማን ነው የጻፈልሽ?»

«እዚያው ቆንስላው ደጅ ላይ የሚጽፍ ልጅ። ሙሉ ውክልና ይሻልሻል፣ ኋላ አንድ ነገር ጎደለ ብለው እንዳያመላልሱሽ አለኝ።»

«አንብበሽዋል?»

«የምትይዘው አንተ አይደለህ እንዴ! ምን ብዬ አነበዋለሁ?»

ክርክር ገጥመን በመጨረሻ ወረቀቱን በሰባት ግስ አስጻፍነው። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤትም፣ ለሥራ ባልደረባም፣ አገር ቤት ንብረት ላለው ዘመድም ስደጋግመው የኖርኩትን ነው አሁን በጽሑፍ የማስቀምጠው።

መጀመሪያ በተራ ቋንቋ

ወደ ውልና ማስረጃ ከመሄድዎ በፊት ቤትዎ ቁጭ ብለው፣ ተወካይዎ እንዲሠራልዎት የሚፈልጉትን ሥራ በተራ ቋንቋ ይጻፉ። «ኪራይ ይቀበልልኝ። ቧንቧ ሲፈነዳ ያሠራልኝ። ግብር ይክፈልልኝ።» የሕግ ቃል አይጨነቁበት። ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ጉዳዩ የሚያልቅበትን ቢሮ ያስፍሩ፤ ወረዳ ነው? ባንክ ነው? የመሬት ይዞታ ነው? ከዚያ በአካልም ሆነ በስልክ እያንዳንዱን ቢሮ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ተወካይ ሲመጣላችሁ ውክልናው ላይ ምን የሚል ቃል ትፈልጋላችሁ?» ይህን ጥያቄ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ሁለተኛ ሰልፍ አይሰለፍም። በተለይ ባንኮች ውክልናን ለሕግ ክፍላቸው ሰጥተው ቃል በቃል ስለሚያስመረምሩ፣ «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ውክልና የያዘ ተወካይ ገንዘብ ላውጣ ቢል ይመልሱታል።

ይህ የባንኩ ግትርነት አይደለም፤ ሕጉ ራሱ እንደዚያ ነው የተሠራው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውክልናን ጠቅላላና ልዩ ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና፣ ቃሉ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ በቁጥር 2203 መሠረት ተወካዩን ከማስተዳደር ሥራ አያሳልፈውም። ማስተዳደር ምን እንደሆነ ደግሞ ቁጥር 2204 ይዘረዝራል፦ ንብረትን መጠበቅና ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ የተበደረን ሰው ዕዳ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ ገቢን ሥራ ላይ ማዋል፣ የደረሰ ሰብልንና ሊበላሽ የሚችል ዕቃን መሸጥ። ቤት መሸጥ ወይም ማስያዝ፣ መስጠት፣ መታረቅ፣ ጉዳይን ለግልግል ዳኛ መስጠት፣ መክሰስና ለክስ መልስ መስጠት ግን በቁጥር 2205 ልዩ ሥልጣን ይጠይቃሉ፤ በስማቸው ተጠርተው ካልተጻፉ የሉም።

እንግዲህ ሰፈር ውስጥ «ሙሉ ውክልና» የሚባለው ነገር በሕጉ ውስጥ በዚህ ስም የለም። ሙሉ የሚያሰኘው፣ ጸሐፊው የልዩ ውክልና ግሶችን ሁሉ ከአንድ ገጽ ላይ ስለደረደራቸው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ግስ ለብቻው የሚሰጥ ሥልጣን መሆኑን ይዘው ረቂቁን ያንብቡ።

ግሶቹ አንድ በአንድ

ማከራየት። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚያዝዝ፣ ተወካይዎ «ማከራየት» ብቻ ሳይሆን «የኪራይ ውል መፈረምና ማስመዝገብ» የሚል ቃልም ያስፈልገዋል። ዋጋው ከስንት ብር እንዳያንስ መወሰን ከፈለጉ እዚያው ያስጽፉት።

መሸጥ። ይህን ግስ የሚሰጡ ከሆነ ለአንድ ለታወቀ ንብረት ብቻ ይስጡት፤ የቤት ቁጥሩን፣ የካርታ ቁጥሩን፣ መኪና ከሆነ የሰሌዳና የሻንሲ ቁጥሩን ያስጽፉ። «በስሜ የሚገኙ ማናቸውንም የሚንቀሳቀሱና የማይንቀሳቀሱ ንብረቶች» የሚለው የተለመደ ሐረግ ዛሬ ያለዎትን ብቻ ሳይሆን ነገ የሚያፈሩትንም ይጠቀልላል። ደግሞም መሸጥና የሽያጩን ገንዘብ መቀበል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተወካይዎ ውሉን እንዲፈርምና ስም እንዲያዛውር ፈቅደው፣ ገንዘቡ ግን በቀጥታ ወደ እርስዎ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ፣ የሒሳብ ቁጥሩን ጠቅሰው ማስጻፍ ይችላሉ። ብዙ ሰው ይህን መለየት እንደሚቻል አያውቅም። ዝቅተኛ ዋጋም ይወስኑ። ተወካዩ ለራሱ ቢሸጠው ቁጥር 2188 ሽያጩን እንዲያፈርሱ መብት ይሰጥዎታል፤ ለሚስቱ ወንድም ቢሸጠው ግን ጉዳዩ የማስረጃ ክርክር ነው፣ ከዚያ ክርክር የሚያድንዎት የዋጋ ወለሉ ነው።

በዋስትና ማስያዝና መበደር። ከሁሉም የምፈራው ይህን ጥንድ ነው። ቤት ሲሸጥ ወሬው ይሰማል፤ ተከራይ ይደውላል፣ ጎረቤት አዲስ ፊት ያያል። የተያዘ ቤት ግን ድምፅ የለውም። ተከራዩ እንዳለ ነው፣ መጋረጃው እንዳለ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው በሐራጅ እንዲሸጡ ይፈቅድላቸዋል። ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ደግሞ እርስዎ በሌሉበት አድራሻ ሊሆን ይችላል። ለተወካይዎ የንግድ ብድር ዋስ መሆን ከፈለጉ እሺ፣ አውቀው ያድርጉት፤ ኪራይ እንዲሰበስብ በሰጡት ወረቀት ውስጥ ግን ይህ ግስ ምን ይሠራል?

በስጦታ ማስተላለፍ። ይሰርዙት። ቤትዎን ለልጅዎ መስጠት ከፈለጉ ለዚያ ብቻ የተጻፈ፣ የተቀባዩ ስም ያለበት ሌላ ውክልና ይኖራል።

ገንዘብ ማውጣት። ባንክዎ ገንዘብ ለማስገባት ውክልና አይጠይቅም፤ ለማውጣት ነው የሚጠይቀው። የባንኩን ስምና የሒሳብ ቁጥሩን ይጥቀሱ። እኔ የምመክረው አንድ አነስተኛ ሒሳብ ለዚሁ ሥራ ከፍተው ተወካዩን በእሱ ላይ ብቻ መወከል ነው፤ ዋናው ቁጠባዎ ሌላ ሒሳብ ውስጥ ተኝቶ ይቆይ። የሞባይል ባንኪንግ የምስጢር ቁጥርዎን መስጠት ውክልና እንዳልሆነም ይወቁ። ቁጥሩን የሰጡት ሰው ገንዘቡን ቢያጠፋው «ሥልጣኑን አልፏል» የሚሉበት ወረቀት አይኖርዎትም።

መክሰስና መከሰስ። ተከራይ አልወጣም ሲል ያስፈልጋል። ፍርድ ቤት የሚቆምልዎት ሰው ግን ጠበቃ ወይም ሕጉ የፈቀደለት የቅርብ ዘመድ መሆን ስላለበት፣ ተወካይዎ ጓደኛ ከሆነ «ጠበቃ እንዲያቆምልኝ» የሚል ይጨምሩ።

ሦስተኛ ወገን መወከል። ሕጉ ተወካይ ሥራውን ራሱ እንዲሠራ ነው የሚፈልገው፤ ለሌላ የሚያስተላልፈው እርስዎ ከፈቀዱለት ነው። ይህች ሐረግ ታዲያ በየረቂቁ ግርጌ ሳትጠራ ትመጣለች። እርስዎ የመረጡት አጎትዎን ነው፤ በዚህች ሐረግ ግን ቁልፉ አጎትዎ ለሚያምኑት፣ እርስዎ ግን ለማያውቁት ሰው ሊደርስ ይችላል። ጠበቃ ለማቆም ካልሆነ በቀር ያውጧት።

ከዚያ ደግሞ የጅራቷ ሐረግ አለች፦ «በአጠቃላይ እኔ ባለሁበት ማድረግ የምችለውን ሁሉ።» ከላይ እንዳልኩት በሕግ ፊት ልዩ ሥልጣን አትፈጥርም። ቢሆንም አንዱ ቢሮ ሲቀበላት ሌላው ሲጥላት ንትርክ ከማትረፍ በቀር ጥቅም የላትም።

የእህቴ ሁለተኛ ወረቀት ዋና ክፍሉ ይህን ይመስል ነበር፦

«በአዲስ አበባ ከተማ፣ … ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ …፣ የቤት ቁጥር …፣ የካርታ ቁጥር … የሆነውን ቤቴን ብቻ እንዲያከራይልኝ፣ የኪራይ ውሉን እንዲፈርምና እንዲያስመዘግብልኝ፣ ኪራዩን ተቀብሎ በስሜ በሚገኘው የባንክ ሒሳብ ቁጥር … ገቢ እንዲያደርግልኝ፣ ቤቱን እንዲያስጠግንልኝ፣ የቤት ግብርና የአገልግሎት ክፍያዎችን እንዲከፍልልኝ ወክየዋለሁ። ቤቱን መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስጦታ መስጠትና በዋስትና ማስያዝ አይችልም። ይህ ውክልና እስከ … ዓ.ም. ሰኔ 30 ቀን ድረስ ብቻ የጸና ነው።»

«አይችልም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሕግ ዓይን ትርፍ ነው፤ ያልተሰጠ ሥልጣን የለምና። ለተወካዩም ሆነ መስኮት ላይ ለተቀመጠው ሠራተኛ ግን ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የማብቂያ ቀኑም ግዴታ አይደለም። እኔ ግን ሰው በየሁለት ዓመቱ እንዲያድሰው እመክራለሁ፤ ማደሱ ያደክማል፣ አሥር ዓመት የተረሳ ወረቀት ግን ከዚያ ይብሳል።

ማንን?

ስለ ታማኝነት አልመክርዎትም፤ ሰውዎን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ሌሎች ጥያቄዎች ግን አሉ። ጊዜ አለው ወይ? ቢሮ በሚከፈትበት ሰዓት ከሥራው መውጣት ይችላል? እሱ ራሱ ዕዳ ውስጥ ነው? የእርስዎ ቤት ባለበት ከተማ ነው የሚኖረው? ሕጉ ተወካይን በጥብቅ ቅን ልቦና እንዲሠራ፣ የእርስዎን ጥቅም ብቻ እንዲያስቀድም፣ ሒሳብም እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። በቤተሰብ መካከል ግን ሒሳብ መጠየቅ ያሳፍራል፤ እፍረቱም ሲጠራቀም ይመርራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን፣ ገና ፍቅር ሳለ፣ «በየሦስት ወሩ የገባውንና የወጣውን በፎቶ ላክልኝ» ይበሉ። የድካም ዋጋ የሚከፍሉት ከሆነም ያኔውኑ በጽሑፍ ይስማሙ፤ ብሩን ከኪራዩ ላይ ዝም ብሎ እንዲቀንስ አይተዉት።

ሁለት ሰው መወከል ይቻላል። ያኔ «በአንድነት» ወይም «በተናጠል» የሚለውን መጻፍዎን አይርሱ። በአንድነት ከሆነ ሁለቱም ካልፈረሙ ምንም አይንቀሳቀስም፤ ለሽያጭ ጥሩ ነው፣ ለቧንቧ ጥገና ግን ቅጣት ነው።

ባለትዳር ከሆኑ ደግሞ ንብረቱ የእርስዎ ብቻ ላይሆን ይችላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማከራየትና በመያዣ ለመስጠት የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሚንቀሳቀስ ንብረትም፣ ለብድርም እንደዚሁ ነው። 500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሕጉ ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት አብረው ይፈርሙ፣ ወይም አንደኛው ለሌላኛው አስቀድሞ ይወክል። ያላገባ ሰው ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሊጠየቅ ስለሚችል ከወረዳ አውጥቶ ይያዝ።

ስም

የእህቴ ሁለተኛ ወረቀት በሰባት ግስ ተስተካክሎ መጣ፤ ይሁን እንጂ መስኮት ላይ ሦስት ሳምንት ታገደ። ምክንያቱ የአያታችን ስም ነው። ካርታው ላይ «ወ/ማርያም»፣ ውክልናው ላይ «ወልደማርያም»፣ ፓስፖርቷ ላይ ደግሞ በላቲን ፊደል ሁለት ቃል ሆኖ ተለያይቷል። የእሷም ስም ካርታው ላይ በጸሎቱ «ጸ»፣ ውክልናው ላይ በፀሐዩ «ፀ» ነው። ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለመዝገብ ቤቱ ሦስት። የአማርኛ ፊደል ባለጸጋነቱ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ስለዚህ ረቂቁን ሲያስጽፉ ካርታውን፣ የባንክ ደብተሩን፣ ፓስፖርቱንና መታወቂያውን አጠገብዎ ደርድረው ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ውክልናው ላይ መግባት ያለበት የንብረት ሰነዱ ላይ ያለው አጻጻፍ ነው። ሰነዶቹ እርስ በርስ ከተለያዩ ረቂቁ ከመፈረሙ በፊት የአንድነት ማስረጃ ያስወጡ፤ ከተፈረመ በኋላ የመጣ ማስተካከያ ሙሉውን ሥራ እንደገና ማስጀመር ነው። የተወካዩንም ስም እስከ አያት ያስጽፉ። ከውጭ የሚላክ ከሆነ ቀኑ በኢትዮጵያ ወይስ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደሆነ ይጠቀስ፤ በሰባትና ስምንት ዓመት ልዩነት ምክንያት «ያለፈበት» የተባለ አዲስ ውክልና አይቻለሁ።

የፊርማው ቀን

ሰው ሁሉ «ውልና ማስረጃ» የሚለው መሥሪያ ቤት አሁን የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይባላል፤ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ቅርንጫፎች አሉት። በክልሎች ሥራው በአብዛኛው በፍትሕ ቢሮዎች ሥር ነው። የሚመራበት አዋጅ ቁጥር 922/2008 ሲሆን፣ ውክልናም የውክልና መሻሪያም ካልተረጋገጠና ካልተመዘገበ በሕግ ፊት አይጸናም። ቤት ውስጥ በሁለት ምስክር ፊት የተፈረመ «ውክልና» ለቤት ሽያጭ አያገለግልም ማለት ነው።

በአካል መገኘት ያለብዎት ወካዩ እርስዎ ነዎት። ተወካዩ ባይመጣም ይሆናል፤ ሥራውን ሲጀምር ውክልናውን እንደተቀበለ ይቆጠራል። ያልፈረሙበትን ረቂቅ፣ የታደሰ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት፣ ፋይዳ ካለዎት እሱንም፣ የተወካዩን መታወቂያ ቅጂ፣ ካርታ ወይም ሊብሬ ከነዋናው፣ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ይያዙ። ረቂቁ ላይ ቤትዎ ፈርመው አይምጡ፤ ፊርማው በሠራተኛው ፊት መሆን አለበት። ሠራተኛው «ያነበቡትና የተስማሙበት ነው?» ሲልዎት ከኋላዎ ያለው ሰልፍ አያስቸኩልዎት። አንድ ጊዜ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት እዚያው ቆመው «ልጄ፣ እስቲ አንተ አንብብልኝ» ብለው ሠራተኛውን ገጹን ሁሉ ሲያስነብቡት አይቻለሁ። «ማስያዝ» የሚለው ጋ ሲደርስ «እሱን አላልኩም» አሉ። ወረቀቱ ተመልሶ ተጻፈ፣ ሰልፉም አጉረመረመ። ልክ እሳቸው ነበሩ።

ማየት ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በጣት አሻራ ወይም በፊርማ ቢያጸድቅ፣ በዚህ ሥልጣን ባለው ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1728 ይደነግጋል። አልጋ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ሠራተኛ ቤት ወይም ሆስፒታል ድረስ የሚሄድበት የውጭ አገልግሎት አለ፤ ማመልከቻ ይጠይቃል፣ ክፍያውም ለየት ያለ ነው።

ውጭ አገር ሆነው

ዋሽንግተንም ይኑሩ ሪያድ ወይም ቴል አቪቭ፣ መንገዱ በሦስት በር ያልፋል። ኤምባሲው ወይም ቆንስላው ፊርማዎን ያረጋግጣል፤ ዋናው ሰነድ አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላውን ማኅተም ያረጋግጣል፤ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ይመዘገባል። ሦስተኛውን በር ያላለፈ ወረቀት ይዞ ባንክ የሚሄድ ተወካይ ብዙ ነው። በአካል ቆንስላ መሄድ ካልቻሉ፣ በአካባቢዎ ኖታሪ ፊት ፈርመው የዚያ አገር ባለሥልጣን ካረጋገጠ በኋላ ለኤምባሲው የሚልኩበት አሠራር በአንዳንድ አገር አለ፤ ዝርዝሩ እንደየአገሩ ስለሚለያይ ሰነድ ከመላክዎ በፊት ኤምባሲውን ይጠይቁ። ዜግነት ለውጠው ከሆነ ከፓስፖርቱ ጋር የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያዎን፣ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለውን፣ አያይዘው ይላኩ።

ዋናው ሰነድ በታመነ መንገደኛ ወይም በፈጣን መልእክት ይሂድ። ፎቶው በቴሌግራም መሄዱ ተወካዩን ከማዘጋጀት በቀር ሌላ ጥቅም የለውም። ከመላክዎ በፊት ግን አንድ ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ፤ ለመሻር ሲፈልጉ ቁጥሩና ቀኑ ያስፈልጋል።

እናትና አባት

ብዙ ጊዜ የሚደወልልኝ ስለዚህ ነው። «እማዬ እየረሳች ነው፤ የባንክ ሒሳቧን በውክልና ልያዝላት።» የመጀመሪያው ጥያቄዬ፣ ዛሬ ጠዋት የምትፈርመውን ነገር ትረዳለች ወይ የሚለው ነው። ከተረዳች ዛሬውኑ ይሂዱ። ካልተረዳች ግን ውክልና ጊዜው አልፏል፤ አእምሮዋ ያልጨበጠውን ፊርማ ማስፈረም ለወደፊቱ የወንድማማች ክስ ማዘጋጀት ነው። ያኔ ያለው መንገድ ፍርድ ቤት ሄዶ በፍርድ እንድትከለከልና ሞግዚት እንዲሾምላት መጠየቅ ነው። ረዥም ነው፣ ግን ያስኬዳል።

በጤናዋ ሳለች የሰጠችው ውክልናም ቢሆን ችሎታዋን ስታጣ ይቋረጣል፤ ቁጥር 2232 «ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ እናትዎ የሚፈልጉት ወደፊት ቢታመሙም እንዲቀጥል ከሆነ ይህን ፈቃዳቸውን በግልጽ ቃል ያስጽፉት።

ሞትም እንደዚሁ ያቋርጠዋል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ብዙ ነው። እናት ሰኞ አርፈው ማክሰኞ በውክልና ገንዘብ ያወጣ ልጅ፣ ዓላማው ለተዝካር ቢሆንም እንኳ፣ ያወጣው ከወራሾች ሁሉ ገንዘብ ላይ ነው። የተጀመረና ቢቋረጥ ጉዳት የሚያመጣ ሥራ ካለ ሕጉ ወራሾች እስኪረከቡ እንዲቀጥል ለተወካዩ ይፈቅዳል፤ ለምሳሌ ጣራው ተነሥቶ ክረምት የገባበት ቤት ቢኖር። ከዚያ ውጭ ወረቀቱን አስቀምጦ የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ነው።

በውክልና ስለ መግዛት

ይህ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ይከነክነኛል። ዕጣ ወጥቶለት አምስት ዓመት ያልሞላው ኮንዶሚኒየም፣ ወይም ስም ማዛወሪያው የከበደ መኪና «በውክልና» ይሸጣል። ገዥ ገንዘቡን ሙሉ ይከፍላል፤ ሻጭ «የማይሻር ሙሉ ውክልና» ይሰጠዋል። በቁጥር 2226 ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል፤ አልሽርም ብሎ የጻፈውም ቃል ዋጋ የለውም። ሻጩ ቢሞት ደግሞ ወረቀቱ አብሮት ያበቃል፣ ገዥውም ከወራሾች ጋር ይፋጠጣል። በሌላው በኩል ሻጩም በሰላም አያድርም፤ መኪናው ሰው ቢገጭ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የእሱ ነው።

መሻር

ለመሻር ምክንያት ማቅረብ የለብዎትም፤ የተወካዩም ፈቃድ አያስፈልግም። ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ውጭ ካሉ ወደ ቆንስላ ሄደው የውክልና መሻሪያ ያስመዘግባሉ። የመጀመሪያውን ውክልና ቁጥርና ቀን ይጥቀሱ። ለአንድ ጉዳይ አዲስ ተወካይ መሾምም የፊተኛውን እንደ መሻር ይቆጠራል፤ እኔ ግን በዚህ አልተማመንም፣ በግልጽ ይጻፍ።

መመዝገቡ ግን ግማሹ ሥራ ነው። ዋናውን ወረቀት ከተወካዩ እጅ ይቀበሉ፤ ሕጉ እንዲመልስ ያስገድደዋል፣ እርስዎ ሳይቀበሉት ትተው ሦስተኛ ሰው በቅን ልቦና ተታሎበት ቢጎዳ ደግሞ ተጠያቂነቱ ወደ እርስዎ ሊዞር ይችላል። ከዚያ የመሻሪያውን ቅጂ ወረቀቱ ወደ ታየበት ቢሮ ሁሉ ያድርሱ፤ ለባንኩ ቅርንጫፍ፣ ለወረዳው፣ ለመሬት ይዞታ። ሲያስገቡ ቅጂዎ ላይ «ደርሶናል» አሰኝተው ማኅተም ያስመቱ።

እህቴ ጠቅልላ ስትመጣ እኛም እንዲሁ አደረግን። አብረን ሄደን ሻረችኝ፤ ሠራተኛው «ተጣላችሁ?» ብሎ ሲጠይቀን ሁለታችንም ሳቅን። ባንኩ ደብዳቤ ደረሰው፣ ወረዳው ደረሰው፣ ዋናውን ወረቀት እኔ በእጇ አስረከብኳት። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በወር መጀመሪያ፣ ስልኬ ጮኸ። ተከራይዋ ነበር፦ «ጋሼ፣ ኪራዩን ይዤ ደጅዎ ቆሜያለሁ።» ለእሱ የነገረው ሰው አልነበረም።